መኪናችን የተወሰደችበት ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ይህን የምጽፈው ስዕለት ስላለብኝ ነው። ቅዱስ ሚካኤል ያደረገልንን እመሰክራለሁ ብዬ የተሳልሁት በዚያች ሌሊት፣ ግቢያችን በር ላይ ዝናብ እየደበደበኝ ነው።

ሙያዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ታናሽ ወንድሜ በቤተሰባችን ቪትዝ ታክሲ ይሠራል። መኪናዋ የተገዛችው በዕቁብና በእማዬ ወርቅ ነው። ኢንሹራንሷ ሶስተኛ ወገን ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለስርቆት ምንም አይከፍልም።

ሐምሌ ነው፣ ሐሙስ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ የእማዬ ስልክ ጮኸ። የማናውቀው ቁጥር ነው። ወንድሜ በሻከረ ድምፅ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ በሕይወት አለሁ፤ መኪናዋን ወሰዷት» አላት። እማዬ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሲኤምሲ አካባቢ ሁለት ሰዎች በእጅ አስቁመው ለገጣፎ አድርሰን ብለውታል። በመተግበሪያ የመጣ ጥሪ ስላልነበር የሰዎቹ ስልክም ሆነ የተነሡበት ቦታ የትም አልተመዘገበም። ለገጣፎን አልፈው ጨለማ ቦታ ሲደርሱ ከኋላው የተቀመጠው ገመድ አንገቱ ላይ አጠለቀበት። ስልኩን ቀምተው ቦይ ውስጥ ገፍትረውት ሄዱ። እየተንገዳገደ አንድ መጋዘን በር ላይ ደረሰ። በቃሉ የሚያውቀው የእማዬን ቁጥር ብቻ ነበር። የመጋዘኑ ጥበቃ፣ እኒያ አባት፣ ስልካቸውን ሰጡት፣ ጋቢያቸውን አለበሱት፣ እስኪነጋ ከአጠገባቸው አላራቁትም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ወዲያው መኪናዋ ላይ ለገጠምሁት ጂፒኤስ፣ ያለችበትን ቦታ ለሚናገረው መሣሪያ፣ መልእክት ላክሁ። መልስ የለም። ደገምሁ፣ ሠለስሁ፣ የለም። ምክንያቱ ሲገባኝ ጉልበቴ ከዳኝ። እነዚህ ጂፒኤሶች ውስጣቸው ያለው ተራ ሲም ካርድ ነው። ሒሳቡ ያለቀ ሲም መልእክት ይቀበላል፤ ያለችበትን ቦታ መልሶ መላክ ግን አይችልም። ካርድ የሞላሁት በጥር ነበር። ለደንበኛ ስገጥም «ካርዱን እንዳትረሳ» የምለው እኔ የራሳችንን ስድስት ወር ረሳሁት።

ቴሌብሬ ላይ የነበረው ሰባት ብር ነው። የጎረቤታችንን የእትዬን በር ደበደብሁ። በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው ለምን እንኳን ሳይሉኝ 100 ብር ላኩልኝ። ሃምሳውን ሲሙ ላይ ሞላሁ። ከደቂቃዎች በኋላ የካርታው ሊንክ መጣ፤ ሰንዳፋን አልፋለች፣ በሸኖ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን እየሄደች ነው፣ ፍጥነቷ 74።

በስልክ መልእክት ነዳጇን ማቋረጥም እችላለሁ። የነዳጅ ፖምፓው ሽቦ ላይ ባለ 12 ቮልት፣ 40 አምፔር ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አስገብቼባታለሁ። ሽቦው ተቆርጦ አንዱ ጫፍ 30 የሚል ቁጥር ባለው የሪሌው እግር ላይ፣ ሌላው 87ኤ በሚለው ላይ ይገባል። 87 ላይ ከገባ ሪሌው ኤሌክትሪክ ባጣ ቁጥር ፖምፓው ይቆማል፤ ጂፒኤሱ የተበላሸ ቀን መኪናው ባለቤቱን መሐል መንገድ ላይ ይጥለዋል። 87ኤ ላይ ግን መስመሩ እንደተገናኘ ይቆያል፣ የሚቋረጠው ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ነው። መጋጠሚያው ደግሞ መበየድ አለበት፤ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ይግላል፣ ይቀልጣል። የት እንደደበቅሁት አልጽፍም። ሬዲዮው አካባቢ ግን አታድርጉት፣ ሌባ መጀመሪያ የሚነቅለው እሱን ነው።

በ74 ላይ ሞተር ማጥፋት ነፍስ ማጥፋት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ ማገዣ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ሌቦቹም ነፍስ አላቸው፤ ከኋላ የሚመጣው አይሱዙም ምን በደለ? እኛ የገጠምነው ዓይነት ትእዛዙን ተቀብሎ ፍጥነቱ ከ20 በታች እስኪወርድ እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። እንደዚያ አድርጌው ስለነበር ትእዛዙን ላክሁ። ከዚያ ዝም አለ። ቦታም አይልክም፣ እሺም አይልም።

991 ደወልሁ፣ ወደ ጣቢያም ሮጥሁ። መጀመሪያ የጠየቁኝ የሻንሲ ቁጥሯን ነው፤ ታርጋ በአሥር ደቂቃ ይቀየራል። ሊብሬዋ መኪናዋ ውስጥ ነበረች፣ ይኸውም የእኛ ጥፋት ነው። የእማዬ ስልክ ላይ ግን ፎቶዋ ተገኘ። ተረኛው ሳጅን ቁጥሩን ጽፈው በመንገዱ ላይ ላሉት ጣቢያዎች አንድ በአንድ ደወሉ። «በርታ ልጄ» ያሉኝን አልረሳውም።

ቤት ስመለስ እማዬ ዳዊቷን ዘርግታ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» ትላለች። «እነሆ፥ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም» የሚለው ላይ ስትደርስ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምሁ፤ ይቅር ይበለኝና ጮህሁበት። «አይተኛም ብለህ የለ! ወንድሜ ሲታነቅ የት ነበርህ? የመበለት ወርቅ ነው የተወሰደው!» አልሁት። እንደዚያ የተናገርሁትን ንስሐ ገብቼበታለሁ። ቁጣዬ ሲያልቅ አለቀስሁ። ሳለቅስ ነው «ሚካኤል፣ አንተ ድረስልኝ» ብዬ የተሳልሁት። እማዬ ከውስጥ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ሰዓቱ አይሄድም። 6 ሆነ። 7 ሆነ። ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍኜ ከዝናቡ እጠብቀዋለሁ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ላይ ስልኩ ነዘረ። ፍጥነት 0፤ ሸኖ መግቢያ።

በኋላ እንደሰማነው ከዋናው መንገድ ወጥተው ኔትወርክ የሌለበት ገደል ሥር ታርጋ ሲቀይሩ ቆይተዋል። ወደ አስፋልቱ ሲመለሱ ትእዛዙ ደረሳት፤ ሸኖ መግቢያ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲያቀዘቅዙ ሞተሯ ጠፋ። ባትሪው እስኪሞት ድረስ አስነሥተዋት እምቢ ብላለች። ፖሊሶቹ ሲደርሱ አንዱን እዚያው ያዙት፣ ሌላው አምልጧል። የለጠፉባት የሌላ መኪና ታርጋ ነው። ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር በባትሪ ብርሃን አነበቡት፤ ኤስሲፒ10 ብሎ ይጀምራል፣ ቁጥሩ ከእማዬ ፎቶ ጋር አንድ ነው። ሳጅኑ ይህን በስልክ ሲነግሩኝ እማዬ እልል አለች፣ እትዬም በአጥር ማዶ ተቀበሏት።

ምርመራው እስኪያልቅ መኪናዋ በኤግዚቢትነት አራት ወር ቆመች። ዕቁቡን ተበድረን ከፈልን።

ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ወንድሜ እማዬንና እትዬን ከኋላ፣ እኒያን የመጋዘን ጥበቃ ከፊት አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። አንገቱ ላይ የገመዱ ምልክት አሁንም በቀጭኑ ይታያል። እኔ ለጂፒኤሱ ካርድ የምሞላበት ቀን ከዚያ ወዲህ በየወሩ 12 ሆኗል። እማዬ ልትስም ስትወጣ፣ ነጠላዋን እያጣፋች፣ «ለመኪናዋ ሞላህላት?» ትለኛለች።