«ልጅ ደግሞ ግፊት አለባት እንዴ?»

እናቴ በስልክ መጀመሪያ ያለችኝ ይህንን ነው። «ልጅ ደግሞ ግፊት አለባት እንዴ? በል ጨው ቀንሱላት።»

ጥፋቱ የኔ ነው። የልጄን በሽታ «የሳንባ ደም ግፊት» አልኳት። አማርኛው ልክ ነው። ግን እኛ ቤት ግፊት ማለት ጨው መተው፣ ነጭ ሽንኩርት መብላትና አለመናደድ ነው። ያኔ የ6 ዓመት የነበረችው ልጄ ክንዷ ላይ ብትለካ ከኔ ትሻል ነበር። የሷ ግፊት ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ቧንቧ ውስጥ ነው። ሳንባዋ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ወፍረው ጠበቡ። የልቧ ቀኝ ክፍል ደሙን ለማሳለፍ ሲታገል አበጠ፣ ደከመ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጀመሪያ የታየችበት ክሊኒክ አስም ነው ብሎን አንድ ዓመት በኢንሄለር ከረምን። ደረጃ ስትወጣ ራሷን ሳተች። ያኔ ነው የባነንነው። ቀጭን ቱቦ እስከ ልቧ አስገብተው የሳንባዋን ግፊት ለኩ። የጤነኛ ልጅ አማካይ ከ20 አይበልጥም። የሷ 80 ነበር።

በመድኃኒት ተጀመረ። አንዱ ሲልዴናፊል ነው። አዎ፣ ያው ቪያግራ፤ የሳንባ ደም ሥርንም ያላላል። ፋርማሲ ከኋላዬ ሁለት ሐበሾች ተሰልፈዋል። ሠራተኛዋ የመድኃኒቱን ስም ጮክ ብላ ጠራችው። አንደኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ» አለኝ። ለልጄ ነው ብል ማን ያምነኛል? ጠርሙሴን ይዤ ውልቅ።

ቀጥሎ ፓምፕ መጣ። ደረቷ ላይ በገባ ቱቦ ኤፖፕሮስቴኖል የሚባል መድኃኒት ቀን ከሌት ይገባላታል። ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ ፓምፑ መቆም የለበትም። ሌሊት ጢጥ ባለ ቁጥር ሁለታችንም ዘለን እንነሳለን።

እናቴ «ዝም ብለህ አምጣት፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ትጠመቅ» አለች። ሐኪሙን ጠየቅሁት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ እንጦጦ ደግሞ ወደ 3,000 ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ የሳንባ ደም ሥር ይበልጥ ይኮማተራል። አይሆንም አለ። ይህንን ለእናቴ መንገር ከበሽታው ባሰብኝ። «የኛ አየር ነው የሚጎዳት?» ብላ ዝም አለች። በወሩ ጸበሉን በሃይላንድ አሽጋ በመንገደኛ ላከችው።

መድኃኒቱ አልበቃም። የቀረን ሳንባ ንቅለ ተከላ ወይም ፖትስ ሻንት የሚባል ቀዶ ጥገና ነው ተባልን። ዊሊስ ፖትስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1946 ቺካጎ ውስጥ የጀመረው ነው። እሱ የሠራው ሳንባቸው በቂ ደም ለማያገኝ ሕፃናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የፓሪስ ሐኪሞች ያንኑ መንገድ ለተቃራኒው ሥራ እንደተጠቀሙበት ጻፉ። የታፈነው ደም ከሳንባ ቧንቧ ወደ ትልቁ የደም ቧንቧ ወደ አኦርታ ያመልጣል።

ለእናቴ በጎርፍ አስረዳኋት። «ውሃው ግድቡን ሊንደው ሲል በጎን ቦይ ይቀደድለት የለ?»

«ታዲያ ያ ያልተጣራ ደም የት ይሄዳል?»

እኔ ይህንን ለመጠየቅ ሦስት ቀጠሮ ፈጅቶብኛል። ቦዩ የሚገናኘው ወደ ጭንቅላትና ወደ እጅ የሚሄዱት ቧንቧዎች ከተለዩ በኋላ ነው። አንጎሏ ኦክስጅን የጠገበውን ንጹሑን ያገኛል። ድብልቁ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ እግሯ።

«እግር ምን አለበት» አለች። «ይችለዋል።»

በመኪና 13 ሰዓት ገደማ ነድተን ሴንት ሉዊስ ወሰድናት። በሽታው እንደማይድን፣ ልቧ ግን እፎይ እንደሚል፣ ከቀዶ ጥገናው የማይነሱ ልጆችም እንዳሉ ቀዶ ሐኪሙ አልደበቀንም። ፈረምን። በግራ ጎኗ በኩል ከፍተው ገቡ። ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ወጣች።

አሁን 8 ዓመቷ ነው። ደረጃ ትወጣለች። ባለፈው ትምህርት ቤት ደክሞኛል ስትል ነርሷ ኦክስጅን ልትለካት ፈለገች። የእጇ ጥፍር ጥቁር ቀለም ስለተቀባ መለኪያውን የእግር ጣቷ ላይ አደረገችው። 82 በመቶ! አምቡላንስ ተጠራ። ልጄ «እግሬን አይደለም፣ ቀኝ እጄን» ብትል ማን ይስማት። አምቡላንሱ ውስጥ ቀለሙን አስለቅቀው እጇን ለኩት፤ 96።

ማታ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። አሁን የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«እግሯ ስንት ነው?»

«82።»

«በል ካልሲ ደርቡላት።»