ለንደን ቤት ስንገዛ ያስጠበቀን ሁለተኛው ሶሊሲተር

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2025፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከሥራ ቦታዬ ደጅ ቆሜ ለአበዳሪያችን ሶሊሲተሮች፣ የቤት ግዢውን ሕጋዊ ሥራ ለሚሠሩለት ጠበቆች፣ ደወልኩ። ስልኩን ላነሣችው ልጅ የፋይል ቁጥሩን ነገርኳት፣ ስሜንም ነገርኳት። ልጅቷ በትሕትና አዳመጠችኝና «ይቅርታ፣ ደንበኛችን አበዳሪው ነው፤ እርስዎን ማነጋገር አንችልም» አለችኝ። እነዚህን ሰዎች አሥር ሳምንት ጠብቄያቸዋለሁ። ሒሳባቸውን የምከፍለውም እኔ ነኝ። ስልኩን ዘግቼ ብርዱ ላይ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ቤት መፈለግ ስንጀምር ባውቀው ኖሮ ብዙ ሳምንት ይተርፈን ነበር። እንግሊዝ አገር ቤት ለመግዛት የምታስቡ፣ በተለይ ገንዘባችሁ ከዕቁብ ወይም ከዘመድ የመጣ ከሆነ፣ ይቺን አንብቧት።

የገዛነው ዉልዊች አካባቢ ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። ዋጋው 380,000 ፓውንድ። ሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ላይ ሻጩ ዋጋችንን ሲቀበል ቤት ያገኘን መስሎን ለዘመድ ሁሉ ደወልን። እዚህ አገር ግን «ተቀብያለሁ» ማለት ማንንም አያስርም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ውል እስክትለዋወጡ ድረስ፣ ኤክስቼንጅ የሚሉት ማለት ነው፣ ሻጩም ገዢውም ያለ ቅጣት ትቶ መሄድ ይችላል።

ሶሊሲተራችንን ያገኘነው በሰው ነው። ታጋሽና ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ቢሮው ግን ትንሽ ናት። ስሕተታችን እዚህ ጋ ነበር። እያንዳንዱ አበዳሪ አብረውት የሚሠሩ ሶሊሲተሮች ዝርዝር አለው፤ ፓነል ይሉታል። የእናንተ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱው ለእናንተም ለአበዳሪውም ይሠራል። ሰነዱን መርምሮ የቤቱ ባለቤትነት ችግር እንደሌለበት ለአበዳሪው ይፈርማል፣ ገንዘቡ ይለቀቃል። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ግን አበዳሪው የራሱን ሶሊሲተር ያቆማል። ያ ሶሊሲተር የእናንተ ሰው ያየውን ሁሉ እንደገና ከሀ ጀምሮ ያያል። ወጪው የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው። እኛ 720 ፓውንድ ከፍለናል።

ብድሩን ያፈላለገልን ደላላ፣ ብሮከራችን፣ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም። ሶሊሲተራችን ፓነሉ ውስጥ እንደሌለ የሰማነው የሞርጌጅ፣ የቤት ብድሩ ማለት ነው፣ ፈቃዱ ኖቬምበር ላይ ወጥቶ ሲያልቅ ነው። ሶሊሲተር ልቀይር ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ከዜሮ መጀመርና ሁለት ጊዜ መክፈል ሆነብኝ። ስለዚህ ሶሊሲተር ከመቅጠራችሁ በፊት «የዚህ አበዳሪ ፓነል ውስጥ አለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በስልክ ሳይሆን በኢሜይል፣ መልሱም በጽሑፍ ይምጣ።

ጊዜው ደግሞ የሚያስጨንቅ ጊዜ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው እስከ 425,000 ፓውንድ ድረስ ስታምፕ ዱቲ፣ የቤት ግዢ ግብር ማለት ነው፣ አይከፍልም ነበር። ይህ የሚሠራው እስከ ማርች 31 ቀን 2025 ብቻ ነበር። ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ወሰኑ ወደ 300,000 ወረደ፤ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 5 በመቶ ይከፈላል። ለእኛ 4,000 ፓውንድ ማለት ነበር። የሚቆጠረው ደግሞ ውል የተለዋወጥንበት ቀን ሳይሆን ግዢው ተጠናቆ ቁልፍ የምንረከብበት ቀን ነው። ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ካላንደር ላይ ባለቤቴ ማርች 31ን በቀይ ከበበችው።

ሶሊሲተራችን ሰነዱን ለአበዳሪው ሶሊሲተሮች የላከው ዲሴምበር 5 ነው። ገና መጣ፣ አዲስ ዓመት መጣ፣ ምንም የለም። ጃንዋሪ 21 ላይ 14 ጥያቄ ያለበት ደብዳቤ መጣ። አብዛኛው ስለ ሕንፃው፣ ስለ ሊዙና ስለ ዓመታዊ ክፍያው ነበር፤ በጥቂት ቀን ተመለሰ። የከበዱን ሦስቱ የእኛን የሐበሾቹን ኑሮ የነኩት ናቸው።

አንደኛው ስም ነው። ባለቤቴ ፀሐይ ትባላለች። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፓስፖርቷ ላይ መጨረሻው ዋይ ነው፤ የባንክ ወረቀቷ ላይ አይ ነው። ባንኩ የአባቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎታል፤ ፓስፖርቷ ላይ ያለው የአያቷ ነው። የእኔና የእሷ የመጨረሻ ስምም አይገናኝም። ለኛ ይህ ምንም አይደለም፣ የአባት ስም ነዋ! ለእነሱ ግን ሁለት ሴቶች ናቸው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። «እነዚህ ሁሉ ስሞች የእኔ ናቸው» የሚል የመሐላ ቃል ተጻፈ፤ ጉዳያችንን ያልያዘ ሌላ ሶሊሲተር ፊት ቀርባ ፈረመች። የመሐላው ክፍያ 5 ፓውንድ፣ ለተያያዘው ወረቀት ሁለት ፓውንድ። አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ኦክቶበር ላይ ብናደርገው ኖሮ ጥያቄው አይመጣም ነበር።

ሁለተኛው፣ የባለቤቴ ወንድም ከአሜሪካ የሰጠን 8,000 ፓውንድ ነው። ስጦታ እንጂ ብድር እንዳልሆነና በቤቱ ላይ ምንም ድርሻ እንደማይጠይቅ ፈርሞ መላክ ነበረበት። የመታወቂያው ቅጂና ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የባንክ ወረቀትም ተጠየቀ። ወንድሟ ቅር አለው። «ለእህቴ ብሰጥ ማን ይጠይቀኛል?» አለ። እንደዚህ ያለውን ነገር ለዘመድ አስቀድሞ ማስረዳት ይሻላል፤ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ሲጠየቅ ያልታመነ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ዕቁቡ ነው። ከዲፖዚታችን፣ ከራሳችን ከምናዋጣው ቅድመ ክፍያ፣ 12,000 ፓውንድ የዕቁብ ነበር። 24 ሰው ነን፣ በወር 500 ፓውንድ። ዕጣው የወጣልን በ22ኛው ወር ነው። ሶሊሲተሮቹ ያዩት ግን አንድ ቀን ሒሳባችን ውስጥ የገባ 12,000 ፓውንድ ብቻ ነው። ከማን? ለምን? ብድር ነው ወይ?

ቅዳሜ ከሰዓት የዕቁቡ ዳኛችን ቤት ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ነበር።

«ጋሼ፣ ወረቀት ያስፈልገኛል።»

«የምን ወረቀት ልጄ?»

«ዕቁቡን የሚያስረዳ፣ ለሶሊሲተር የሚሰጥ።»

ጋሼ መጀመሪያ ዝም አሉ። 15 ዓመት ዳኛ ሲሆኑ ማንም ወረቀት ጠይቋቸው አያውቅም፤ ዕቁብ የሚቆመው በቃል ነው። ቀጥለው ጸሐፊውን ደውለው ጠሩት። ሦስታችን ጠረጴዛው ላይ የዕቁቡን ደብተር ዘርግተን አንድ ገጽ ጻፍን። ዕቁብ ምን እንደሆነ፣ ስንት አባል እንዳለው፣ እኔ ከየትኛው ወር ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደከፈልኩ፣ ዕጣው መቼ እንደወጣልኝ። ዳኛውና ጸሐፊው ፈረሙበት። እኔም ለጸሐፊው ያስተላለፍኳቸውን 22 ክፍያዎች ከባንክ ወረቀቴ ላይ አንድ በአንድ በቢጫ ቀለም አሰመርኩ።

ከዚያ ደብዳቤ ውስጥ ለውጥ ያመጣችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ከተቀበለው 12,000 ውስጥ 11,000ውን አስቀድሞ ከፍሏል» ትላለች። ዕጣው በመጨረሻ ከደረሳችሁ የራሳችሁ ቁጠባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከደረሳችሁ ግን ገና የምትከፍሉት ዕዳ አለባችሁና አበዳሪው ማወቅ አለበት። ይህን መደበቅ ነውርም አደጋም ነው። የሞርጌጅ ማመልከቻ ላይ ያልተነገረ ዕዳ ኋላ ሲገኝ ፈቃዱን ሊያሰርዝ ይችላል።

ወደዚያ ሐሙስ ልመለስ። ልጅቷ ማነጋገር አንችልም ስትለኝ የገባኝ፣ ያ ቢሮ እኔን የሚሰማበት ምክንያት እንደሌለው ነው። የሚሰማው አበዳሪውን ነው። አበዳሪው ደግሞ ብሮከሩን ይሰማል፤ ነገም ሌላ ደንበኛ ያመጣለታላ። ስለዚህ ለእነሱ መደወሌን ተውኩ።

መጀመሪያ ሶሊሲተራችን ጋ ሄጄ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ከ14ቱ ጥያቄ የትኛው እንደተዘጋ፣ የትኛው ክፍት እንደሆነ፣ መልሱ በየትኛው ቀን እንደተላከ። አብረን ስናይ አምስቱ ክፍት ናቸው። ከአምስቱ የሁለቱ መልስ የራሱ ኢሜይል ውስጥ ዘጠኝ ቀን ተቀምጧል። ጥፋቱን ሁሉ በዚያኛው ቢሮ ላይ ስጭን ነበር የከረምኩት። ሰውዬው ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም አልተቆጣሁም።

ሌላም ነገር ተረዳሁ። መልስ በተናጠል በላክን ቁጥር ፋይሉ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ለማየት አሥር የሥራ ቀን ይፈጃል። እኛ ስንቸኩል አንዷን መልስ ዛሬ፣ ሌላዋን ከነገ ወዲያ እንልክ ነበር። የረዳን መስሎን ራሳችንን ወደ ኋላ እየጎተትን ነበር። ፌብሩዋሪ 24 ላይ የቀረውን ሁሉ በአንድ ጥቅል፣ በተራ ቁጥር ልከን ጨረስን። በዚያው ቀን ብሮከሩ ለአበዳሪው ጻፈ፦ ሁሉም መልስ ዛሬ ገብቷል፣ ደንበኛዬ ማርች 31 ካለፈ 4,000 ፓውንድ ይከፍላል። በአራተኛው የሥራ ቀን ሶሊሲተሮቹ መለሱ። አሥር ሳምንት ጠብቀን በአራት ቀን!

ሻጩም እየሰለቸው ነበር። ቤቱን የሚሸጥለት ደላላ፣ ኤጀንቱ፣ «ሌላ ገዢ አለ» ማለት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ለኤጀንቱ አጭር ኢሜይል እጽፍ ነበር። ምን ተላከ፣ ምን ይጠበቃል፣ በቃ። ወሬ ባይኖርም እጽፋለሁ። ሻጩ ኋላ እንደነገረኝ ሌላ ገዢ ሳይፈልግ ያቆየው ያ ኢሜይል ነው።

በዚያ ሰሞን ለአከራያችን የመልቀቂያ ማስታወቂያ ልሰጥ ተነሥቼ ነበር። ባለቤቴ «ኤክስቼንጅ ሳይደረግ ወረቀት አትሰጥም» ብላ አስቀረችኝ። ልጆቹን ይዘን የሰው ሳሎን ከመተኛት ያዳነችን እሷ ናት።

ማርች ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መጣ፤ ስለ ሕንፃው ኢንሹራንስ። መልሱ ሄደ፣ እንደገና ዝምታ። የመጨረሻው ፈቃድ የወጣው ማርች 26 ነው። አበዳሪው ገንዘቡን ለመልቀቅ አምስት የሥራ ቀን ይፈልጋል። ቀኑን እኔና ባለቤቴ ካላንደሩ ፊት ቆመን ቆጠርነው። ኤፕሪል 2። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም።

ኤፕሪል 1 ውል ተለዋወጥን፣ ኤፕሪል 8 ማክሰኞ ቁልፍ ተረከብን። 4,000ው የአልጋና የሶፋ ገንዘባችን ነበር። ልጆቹ ሁለት ወር ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈው ተኙ።

ከገባን በኋላ ለአበዳሪው ቅሬታ ጻፍኩ። ምሬት አልጻፍኩም፤ ቀን ብቻ ደረደርኩ። የተላከበት፣ የተመለሰበት፣ በመሀል ያለፈው የሥራ ቀን። እኛ ያዘገየነውን ዘጠኝ ቀንም አስገባሁ። አበዳሪ ለቅሬታ የመጨረሻ መልስ ለመስጠት ስምንት ሳምንት አለው፤ በመልሱ ካልተስማማችሁ በስድስት ወር ውስጥ ወደ ፋይናንሺያል ኦምቡድስማን፣ በገንዘብ ተቋማት ላይ የሚቀርብ ቅሬታን ወደሚያይ ገለልተኛ አካል፣ መሄድ ትችላላችሁ። ስለ ራሳችሁ ሶሊሲተር ከሆነ መንገዱ በሌጋል ኦምቡድስማን ነው። በሰባተኛው ሳምንት መልስ መጣ። ሶሊሲተሮቻቸው እንዳዘገዩ አምነው 720ውን መለሱልን፣ 250 ጨመሩበት። ስታምፕ ዱቲውን አልነኩትም። እኔ ልገፋበት ፈልጌ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ደክሟት ነበርና ተውኩት።

በ720ው አልጋ ገዛን። ጋሼ ቤቱን ሊመርቁ የመጡ ቀን ዳቦ ቆርሰው ከጨረሱ በኋላ ወደ ጎን ወሰዱኝ። ከዕቁቡ አንዷ ልጅ ቤት ልትገዛ ነው፣ ያ ደብዳቤ ቅጂው አለህ ወይ አሉኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ነበር። ስሜን አውጥቼ ለጸሐፊው ላክሁለት።