ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ

ታናሽ ወንድሜ የሞተው ለፋሲካ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ፣ አባይ በረሃ ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ነው። በዓሉን አብረን እናሳልፍ ብዬ የወተወትኩት እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለቅሶው አቁሞ አሳለፈኝ። ሴቶቹ እህል ካልቀመስሽ ብለው አልለቀቁኝም፤ ሌሊትም ብቻዬን አላደርኩም። ሰልስቱ ወጣ፣ የእድሩ ድንኳን ተነሳ፣ የሩቅ ዘመድ ወደየአገሩ ተመለሰ። እኔ የወደቅኩት ያን ጊዜ ነው።

በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልቤ እየደለቀ እነቃለሁ። መርዶው የመጣው በስልክ ስለነበር ስልክ በጮኸ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል። አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ቀን ጠመኔ ይዤ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ምን ልጽፍ እንደነበር ጠፋኝ። ለእንቅልፍ ይረዳሻል ተብዬ ማታ ማታ አረቄ ቀመስኩ። ቶሎ ያስተኛኛል፣ ነገር ግን ከቀድሞው አስቀድሞ ያነቃኛል። ይህን ምክር ማንም ለሀዘንተኛ እንዳይሰጥ እለምናለሁ።

ወር አልፎ ምንም ስላልቀለለኝ የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። «ጠበሉንም ሕክምናውንም አትተይ» አሉኝ። የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ መሆን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ፣ ከወር በላይ ቆይቶ እንቅልፍና ሥራ ሲከለክል ግን መታከም እንዳለበት ነገረችኝ። አደጋ ሲመጣ ሰውነት አድሬናሊን የሚባል የሚያነቃ ንጥረ ነገር ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። የእኔ ሰውነት አደጋው ማለፉን ገና አልተቀበለም ነበር።

ከሰጠችኝ ሁሉ ቀላሉ ትንፋሽ ነው፤ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። አወጣጡ ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል። በጭንቅ ሰዓት ብቻ ስሞክረው አልሆነልኝም። ጠዋትና ማታ፣ ደህና ሳለሁ ስለማመደው ነው የለመድኩት። የከሰዓት በኋላውን ቡናም ተውኩ። ቡና ውስጥ ያለው የሚያነቃው ካፌይን ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ በደም ውስጥ ይቆያል። ጎረቤቶቼን ላለማስቀየም ከቡናው አልቀረሁም፤ ቆሎውን እየቆረጠምኩ እጫወታለሁ። ለስልኩ ደግሞ ጥሪውን ቀየርኩና ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትደውልልኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ አለቀስኩ። በሦስተኛው ሳምንት እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ጥፋተኝነቱ ግን በትንፋሽ የሚወጣ አልነበረም። ጎረቤቴ እማሆይ በየጠዋቱ እየመጡ ጥጥ ሲፈትሉ እኔ ያንን ቀን እተርክላቸዋለሁ። አንድም ቀን «በቃሽ» አላሉኝም። ለሦስተኛ ጊዜ ስነግራቸው እንዝርታቸውን አቁመው፣ «ነዪ ልጄ፣ ና ስትዪው እሱ ምን አለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ድምፁ መጣልኝ፤ «ትኬቱን ትናንት ቆርጫለሁ፣ አንቺ ባትደውዪም እመጣ ነበር» ብሎኝ ነበር። ያንን ሁሉ ወር ጭንቀቴ ይህችን ቃል ውጧት ኖሯል። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ባልናገረው ኖሮ አላገኛትም ነበር። በውስጤ ሳብሰለስለው የሚመላለስብኝ «ና» ያልኩት ብቻ ነበር።

አሁን ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑ ከተነሳ ከሳምንት በኋላ ተመልሼ እሄዳለሁ። ብዙ አላወራም፤ እንጀራና ሽሮ ይዤ እቀመጣለሁ።

በስምንተኛው ወር አዲስ አበባ የምሄድበት ጉዳይ መጣ። ደጀንን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር የፊቴን ወንበር ጨበጥኩ፣ እየቆጠርኩም ተነፈስኩ። ቦታው ሲደርስ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ስሙን ጠርቼ ነፍስ ይማር አልኩ። ታች ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፣ አባይ ጎድሎ ከድልድዩ ሥር ይወርዳል። ዳገቱን ወጥተን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ነበረች፤ ወዲያው አነሳሁት።