ትልቅ ካልሄደ ማን ይሄዳል?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለመስቀል በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ለደመራ መስቀል አደባባይ የምትወጡ፣ ሠፈራችሁ ውስጥ ችቦ የምታበሩ፣ አገር ቤት ለመግባት ዕቃ የምትሸክፉ፣ ዋሽንግተንም ዱባይም ሆናችሁ የቤተሰብ ድምፅ በስልክ የምትሰሙ፣ ሁላችሁም እንኳን አደረሳችሁ።

ዘንድሮ መልካም ምኞት ብቻ ጽፌ ማለፍ አልቻልኩም። ሰሞኑን ከማላውቃቸው አንድ አባት ጋር ያወራሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። በዓሉ ሳይገባ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

የተገናኘነው ሽሮ ሜዳ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። የበዓል ሰሞን ሽሮ ሜዳን ታውቁታላችሁ። ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ ጋቢው በየሱቁ በር ተንጠልጥሎ ዓይን ያዞራል። ሰልፉ ደግሞ አያልቅም። ከፊቴ የቆሙት አባት ሸማኔ ናቸው። የዶርዜ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን እዚሁ እንጦጦ ሥር ሲሸምኑ ኖረዋል።

"አባባ፣ ለመስቀል አገር ቤት ይገባሉ?" አልኳቸው፣ ወሬ ለመጀመር ያህል።

"እግዜር ካለ" አሉኝ። "ግን ትኬት አልቆረጥኩም። መጀመሪያ ከወንድሜ ልጅ ጋር መታረቅ አለብኝ።"

የወንድማቸው ልጅም ሸማኔ ነው። ሥራውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ለድርና ማግ መግዣ ያበደሩትን ገንዘብ ሳይመልስ ቀረ። ክፉ ቃል ተነጋገሩ። ከዚያ ወዲህ ተዘጋግተዋል። ያን ዕለት የሚሄዱት እሱ ወዳለበት ሠፈር ነበር። ሁለት የአገራቸው ሽማግሌዎች እዚያ ይጠብቋቸዋል።

"ጥፋቱ የማን ነው?"

"የሱ ነዋ!"

"ታዲያ እሱ አይመጣም እንዴ?"

"ትልቁ እኔ ነኝ ልጄ። ትልቅ ካልሄደ ማን ይሄዳል?"

ገንዘቡስ አልኳቸው። "ገንዘቡንማ ይከፍላል! ሽማግሌ ፊት ቀን ይቆረጥለታል። እኔ የምሄደው ገንዘቡን ልተውለት አይደለም፤ እሱን እንዳልተው ነው።"

በአባባ አገር፣ በጋሞ ምድር፣ መስቀል፣ እነሱ ዮ ማስቃላ የሚሉት፣ የዘመን መለወጫም ነው። ሰው ለሠንጋና ለቅቤ ሲቆጥብ ይከርማል። ቀኑ ሲደርስ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አርባ ምንጭ ይገባል፤ ከዚያ ሽቅብ ወደ ዶርዜና ጨንቻ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የተጣላ ይታረቃል። ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዘመን መሻገር ነውር ነው።

መስከረም 2011 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። በቡራዩና አካባቢው የጋሞ ተወላጆች ተገድለው፣ ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ፣ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች የሰላም መለመኛ የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ፎቶውን ብዙዎቻችን አይተነዋል። ያኔ ዓይኔን የሳበው በእጃቸው የያዙት ሣር ነበር። አሁን ሳስበው ግን የተንበረከኩት ወገን የተገደለባቸው ሰዎች ናቸው። በዕድሜም ትልቆቹ ናቸው። እና ቀድመው የሄዱት እነሱ ናቸው።

ከተማ ውስጥ እኛ "ያጠፋው ይምጣ" እንላለን። ያኛውም ቤቱ ተቀምጦ ያንኑ ይላል። በአንድ ግቢ ውርስ ተጣልተው ለዓመታት ያልተነጋገሩ እህትማማቾች አውቃለሁ። በየበዓሉ አደይ አበባ ያለበት ፎቶ በቴሌግራም ለዘመድ ሁሉ ይበትናሉ። የአንዷ መልእክት ለሌላዋም ይደርሳል። ከዚያ ሁለቱም ስልኩን ያስቀምጣሉ። ወገኖቼ፣ እርቅ በጅምላ አይላክም! አንድ ሰው ተነስቶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ታክሲ ተሰልፎ መሄድ አለበት።

ሁሉም ቁስል ለበዓል ይሽራል እያልኩ አይደለም። የተደበደበች ሴት "ዓውደ ዓመት ነው" ተብላ ወደ ደበደባት ሰው ትመለስ የሚል ሽማግሌ ካለ፣ እኔ ከሱ ጋር የለሁም። የማወራው ስለ ብድር፣ ስለ አጥር፣ በንዴት ስለወጣ ቃል ነው። አብዛኛው ኩርፊያችን ደግሞ ይኸው ነው።

ስለዚህ የምትሄዱበት ቤት ካለ፣ ደመራው ሳይለኮስ ሂዱ። ብቻችሁን ከከበዳችሁ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ አባባም ሽማግሌ ሳይዙ አልሄዱም። ገንዘብም ካለ በግልጽ ተነጋገሩበት። ታናሽ ሆናችሁ ታላቃችሁ በራችሁን ካንኳኳ ደግሞ፣ እባካችሁ ቶሎ ክፈቱ፤ ቡናም አፍሉ።

መንገድ የምትወጡ፣ ሾፌሩን አታጣድፉት፤ በሰላም ግቡ። ለእናቶቻችሁ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ዮ ማስቃላ! መልካም በዓል!