ኪኒኑን በምንድን ነው የምትውጪው?

ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወር ላይ ነበርኩ። ከላብራቶሪ ይዤ የወጣሁትን ወረቀት ሲስተሯ አየችና አንዷን ቁጥር በእስክሪብቶ ከበበቻት። 9.4። "ደም አንሶሻል" አለችኝ። ቁጥሯ ሄሞግሎቢን ናት፣ ሰውነት ከብረት የሚሠራው የደም ቀዩ ነገር። የነፍሰ ጡር 11 መድረስ አለበት፣ በመካከለኞቹ ወራት 10.5 ቢሆንም ይታለፋል፣ የእኔ ግን ከዚያም ወርዷል።

እኔ ከመደንገጥ ይልቅ ተናደድኩ። በመጀመሪያዋ ልጄ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረማ! ቆይቼ ሳስበው ግን ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ላይ ተደቅኖ ነበር። ሁለት ደረጃ ወጥቼ እንደ ሯጭ አለከልካለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ትንሽ ከቆምኩ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል። ደግሞ የአፈር ነገር አለ፣ እሱን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እማዬ ግቢው ላይ ውሃ ስትረጭ የሚወጣው ሽታ ምራቄን ያመጣዋል። አንድ ቀን እንዲያውም ከሰርቪስ ቤታችን የጭቃ ግድግዳ ቆንጥሬ ቀምሻለሁ። አምሮት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ብረት ያነሳት ሴት አፈር ወይም በረዶ ሊያምራት ይችላል። ለሲስተሯ ስነግራት ምንም አልገረማትም፤ የትል መድኃኒት ጨመረችልኝ።

ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም። ትልቋ ልጄ ገና የዓመት ከሦስት ወር ልጅ ናት። እሷን ወልጄ፣ እያጠባሁ፣ ሰውነቴ የወጣበትን ሳይተካ ሌላ ተረገዘ። አንድ እርግዝና በጠቅላላው ወደ 1,000 ሚሊ ግራም ብረት ይፈልጋል ይባላል። እኔ ባዶ ካዝና ይዤ ነው የጀመርኩት።

ታዲያ ኪኒኑ ተሰጠኝ። አንዷ ፍሬ 60 ሚሊ ግራም ብረትና ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን ትንሽ አላት። ደሟ ላላነሰ ነፍሰ ጡር በቀን አንድ ይበቃል፣ እኔ ግን ጠዋትና ማታ እንድወስድ ታዘዘ። "በደንብ ውሰጂ" ተባልኩ፣ በቃ። በደንብ ማለት እንዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሲኦል ነበር። በባዶ ሆዴ ስውጠው ያቅለሸልሸኛል። ሆዴ ደረቀ፣ ሦስት ቀን ሽንት ቤት ገብቼ በባዶ እወጣለሁ። በአራተኛው ቀን የወጣው ደግሞ እንደ ከሰል ጥቁር ነው! ከውስጥ እየደማሁ መሰለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አደርኩ፣ ባለቤቴንም አላስተኛሁትም። ብረት ሰገራን እንደሚያጠቁር አስቀድሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነገረኝ ኖሮ ያ ሌሊት አይኖርም ነበር። ኪኒኑን አቆምኩት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ።

ከዚያ ፀፀት ያዘኝና እንደገና ጀመርኩ፣ በቀን አንድ ብቻ፣ በራሴ ዘዴ። ጠዋት በዳቦና በሻይ እወስዳለሁ፣ ከፋርማሲ የገዛሁትን ካልሲየምም አብሬ ዋጥ አደርገዋለሁ። ሁለቱንም በአንዴ መገላገሌ ነው። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከወር በኋላ 9.2።

በዚያ ቀን የተቀበለችኝ ሌላ ሲስተር ናት፣ በዕድሜ ጠና ያለች። "እየወሰድሽ ነው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት ፊቴን ሳላዞር። ዝም ብላ አየችኝና "ኪኒኑን በምንድን ነው የምትውጪው?" አለች። "በሻይ" ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ከምሳ በኋላስ? ቡና?" እንዴ፣ ቡናማ እንዴት ይቀራል! እማዬ ልጅ ልትጠብቅልኝ እኛ ጋ ከመጣች ጀምሮ ምሳ ተበልቶ እጅ እንደታጠብን ነው ቡናው የሚቆላው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሻይና ቡና ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ብረቱን ሆድ ውስጥ አጥብቆ ይይዘውና ወደ ደም ሳይገባ እንዲወጣ ያደርገዋል። ካልሲየምም ሆነ ወተት እንዲሁ ይሻሙታል። እኔ እየዋጥኩ ነው፣ ግን አብዛኛውን ሽንት ቤት እየጣልኩት ነው። ዘጠኙን ቀንም ተናዘዝኩ። አልተቆጣችኝም። "ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርጉት፣ ልዩነቱ አንቺ ተናገርሽ" አለችኝ።

ቤት ገብቼ ስለ ቡናው ሳነብ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። በፈረንጆቹ 1983 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት ከሲሶ በላይ ቀነሰው፣ ሻይ ደግሞ ከግማሽ በላይ። ይህን ጠብቄ ነበር። ያልጠበቅኩት ምን መሰላችሁ? ምግብ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ቡናም እኩል ይጎዳል። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም! እኛ ሀገር ደግሞ ቡናው ሁሌ ምግቡን ተከትሎ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ቡና መተው አልነበረብኝም፣ ሰዓቱን ማዛወር ነበር። ወሬው ቀላል ነው፣ እማዬን ማሳመኑ ነው ጉዱ። "ስምንት ልጅ ስወልድ ማን ደሜን ለክቶ ያውቃል?" አለችኝ። ቀጥላ "ጤፍ የምትበላ ሴት ደም አያንሳትም" አለች። በጤፉ ጉዳይ ግማሽ እውነት አላት። ጤፍ ብረት አለው፣ ነገር ግን ሲለካ ከሚገኘው ውስጥ አንዱ ክፍል አውድማ ላይ ሲወቃ የተቀላቀለው አፈር ነው፤ ከእህሉ የሆነውንም ቢሆን ሰውነት እንዳለ አይወስደውም። ሊጡ መቡካቱ ትንሽ ያግዛል። ይህን ስነግራት "አፈሩንማ አንቺም ከግድግዳው በልተሻል" ብላ ሳቀችብኝ። ለካ አይታኝ ኖሯል።

በመጨረሻ ተስማማን። ቡናው ከስምንት ሰዓት ወደ ረፋዱ አራት ሰዓት መጣ። ጎረቤቶቻችን አጉረመረሙ፣ በዚያ ሰዓት የቤት ሥራ አለባቸዋ። ሁለቱ ቀሩ፣ አንዷ ግን ሽሮዋን ጥዳ መምጣት ጀመረች። እኔ አቦሏን ብቻ እጠጣለሁ፣ ምሳችን ሰባት ሰዓት ነው።

ኪኒኑን ደግሞ ከጠዋት አነሳሁት። አንዱን በምሳና በእራት መካከል፣ ሌላውን ልተኛ ስል፣ ሁለቱንም ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ወይም በግማሽ ብርቱካን። ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል። ሲያቅለሸልሸኝ ትንሽ ቂጣ ነገር ቀመስ አደርጋለሁ፤ በባዶ ሆድ ይሻላል ቢባልም ተውጦ የሚመለስ ኪኒን ለማንም አይጠቅምም። የማታው በተለይ ተስማማኝ፣ የሚያቅለሸልሸኝ እንቅልፍ ከወሰደኝ በኋላ ነው መሰለኝ። ካልሲየሙ ከቁርስ ጋር ሄደ። ለድርቀቱ ተልባ በጥብጬ እጠጣለሁ፣ ፓፓያ እበላለሁ፣ ከእራት በኋላ ባለቤቴን ይዤ ሰፈሩን እዞራለሁ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ሰው ሆንኩ።

ስለ ምግቡ ብዙ ምክር ይመጣል፣ አብዛኛው ቀይ ነገር ነው። ቀይ ስር ደም ይሞላል ተብሎ በየቀኑ ይጨመቅልኝ ነበር። ቀለሙ ደም ይመስላል እንጂ 100 ግራም ቀይ ስር ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም ብረት እንኳ አይሞላም። ማልት መጠጥም አክስቴ በሳጥን አመጣችልኝ፣ ጠጣሁት፣ ይጣፍጣል፣ መድኃኒቴ ነው ብዬ ግን አልቆጠርኩትም። ቁርጥ ብዪ ያሉኝም ነበሩ። እሱን እምቢ አልኩ፣ ጥሬ ስጋ ለፅንሱ አደገኛ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ጉበትም ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት በእርግዝና ጊዜ እንዳላበዛ ተነግሮኛል። የበሰለ ቀይ ስጋ ነው የተመረጠልኝ።

ችግሩ፣ ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን። ተጨንቄ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፣ "ልጄ፣ ሐኪምሽ ያለሽን ብዪ" አሉኝ። ፈቃድ አግኝቼም ቢሆን ሁሉም ምስር ሲበላ እኔ ጥብስ መብላት አልሆነልኝም። መሃል መንገድ ላይ ቆምኩ፦ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ስጋና እንቁላል፣ በቀረው ምስር፣ ሽምብራና ጎመን። የጾም ምግብ ብረት አለው፣ ብቻ አስገቢ ይፈልጋል። ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ፣ ቲማቲም በቃሪያ ከጎኑ። ቃሪያ ቫይታሚን ሲ ሞልቶታል፣ ቃሩን ለሚችል። እኔ በስምንተኛው ወር አልቻልኩም፣ ብርቱካን ላይ ቀረሁ። ለቃሩ የሚሰጠውንም መድኃኒት ከብረቱ አራርቄ ነበር የምወስደው፣ አብረው አይሄዱማ።

ከአራት ሳምንት በኋላ 10.3። ሲስተሯን አቀፍኳት። በዘጠነኛው ወር 11.2 ሆነ። እዚህ ላይ ዶክተሩ ደስታዬን ትንሽ ቀነሱልኝ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ በእንዲህ ያለ ቦታ የሰው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል የእኔ 11.2 ቆላ ከምትኖር ሴት 11.2 ጋር እኩል አይደለም። ስለዚህ አታቁሚ አሉኝ። አላቆምኩም።

ወልጄ ትንሽ በዛ ያለ ደም ፈሰሰኝ። ደም የሚሰጥ ሰው ፍለጋ ግን አልተሮጠም። በ9.2 ገብቼ ቢሆን ምን ይፈጠር ነበር እያልኩ ሌሊት ሌሊት አስባለሁ። ኪኒኑን ከወለድኩ በኋላም ሦስት ወር እንድቀጥል ተነገረኝ። ቤት ውስጥ ያለኝ ትልቅ ፍርሃት ያኔ ትልቋ ልጄ ሆነች፤ ፍሬዎቹ ከረሜላ ይመስላሉ፣ ጥቂት ፍሬ ብረት ደግሞ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ጠርሙሱ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከላይ፣ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው።

በአራስነቴ ሁለተኛ ሳምንት እንግዳ መጣ፣ ገንፎ ተበላ፣ እማዬም ከገንፎው በኋላ ቡና አፈላች፤ እንግዳ ባለበት ሰዓቴን ማን ያከብራል። አቦሉን ቀዳችና ሲኒውን ወደ እኔ ልትዘረጋ ስትል መለስ አደረገችው። "ያንን ነገር ስንት ሰዓት ላይ ዋጥሽ?"