የጎጃምን ፍለጋ ስናነብ የሚያሳስቱን ነገሮች

አንድ ቃል በጉግል ምን ያህል እንደተፈለገ በመስመር ግራፍ በሚያሳየው ጉግል ትሬንድስ ላይ «ጎጃም» ብላችሁ ስትጽፉ «ጐጃም» ብሎ የፈለገው ሰው ከመስመሩ ይቀራል። መሣሪያው የሚቆጥረው የጻፋችሁትን ፊደል ብቻ ነው፤ የአጻጻፍ ልዩነትን አያጣምርም። ስለዚህ ሁለቱን በመደመር ምልክት አያይዟቸው፦ ጎጃም + ጐጃም። ደብረ ማርቆስንም ተነጥሎም ተያይዞም ጻፉት። በላቲን ፊደል የሚጻፈውንም ጨምሩ፤ የአማርኛ ኪቦርድ የማይከፍት ወጣት ብዙ ነው። ቦታ ስትመርጡ ደግሞ የምታገኙት አማራ ክልልን ነው እንጂ ጎጃምን ለብቻው አይደለም።

ግራፉ ላይ 100 ሲባል መቶ ፍለጋ ማለት አይደለም። በመረጣችሁት ጊዜ ውስጥ ቃሉ ከጠቅላላው ፍለጋ ትልቁን ድርሻ የያዘበት ነጥብ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚለካው በሱ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ የውጤቱ ፍለጋ መስመር ሽቅብ ይተኮስና አብራችሁ ያስገባችሁት «የማዳበሪያ ዋጋ» መሬት ላይ የተኛ ይመስላል። ለየብቻ አውጥታችሁ እዩአቸው።

0 የበለጠ ያሳስታል። ፍለጋው በጣም ሲያንስም 0 ይወጣል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፤ ያኔ የታየ ዝቅታ የኔትወርኩ እንጂ የሰዉ ዝምታ አይደለም። ይህን ሳይጠቅሱ ግራፍ መለጠፍ ሕዝቡን መበደል ነው።

ሰውን ከቁጥሩ ይበልጥ የሚገልጠው የጥያቄው አነጋገር ነው። «የስንዴ ቢጫ ዋግ መድኃኒት» ያለው የበሽታውን ስም ያውቃል፤ ምናልባትም የግብርና ባለሙያ አነጋግሯል። «ስንዴዬ ለምን ቢጫ ሆነ» ያለው ግን ያየው ምልክቱን ብቻ ነው። ቢጫነቱ ከናይትሮጅን እጥረት፣ ማሳው ውኃ ከመቋጠሩ ወይም ዋግ ከተባለው የፈንገስ በሽታ ሊመጣ ይችላል። ቅጠሉን በጣት ሲያሹት ቢጫ ዱቄት ከለቀቀ፣ ዱቄቱም በቅጠሉ ቁመት በመስመር ከተደረደረ ቢጫ ዋግ ነው። ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ቀድሞ ከገረጣ ናይትሮጅን ሳያንሰው አይቀርም። ለዚህ ጠያቂ በአማርኛ የምትጽፉ፣ እባካችሁ የመድኃኒት ስም አታስቀድሙ፤ ናይትሮጅን ላጣ ስንዴ የተገዛ ፀረ ፈንገስ የገበሬውን ገንዘብ ይበላል፣ አዝመራውንም አያድንም።

የጻፈው እጅም የጠያቂው ላይሆን ይችላል። ሞጣ ወይም ቢቸና ገጠር ለአባቱ የሚፈልግለት ተማሪው ልጅ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ከማሳ ይሁን ከክፍል ለመገመት ትሬንድስ ላይ የአምስት ዓመቱን እይታ ክፈቱ፦ በየዓመቱ ስንዴው ማሳ ላይ ባለበት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከፍ የሚል ከሆነ ከማሳ የመጣ መሆኑ ያመዝናል፤ በፈተና ሰሞን ብቻ ከሆነ ግን የትምህርት ቤት አሳይመንት መሆኑን ጠርጥሩ።