አትንኩኝ ባይዋን ተክል እንዴት አሳደግኳት

አንድ ወዳጄ ችግኟን ሲሰጠኝ ስሟን አያውቅም ነበር። «ስትነካት ትታጠፋለች» ብቻ ነው ያለኝ። የአንዱን ቅጠል ጫፍ በጣቴ ነካ አደረግኩት። ጥቃቅኖቹ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፣ ከጫፍ ወደ ውስጥ፣ ክድን ክድን አሉ። ጠንከር አድርጌ ስነካት ደግሞ ሙሉው ዘንግ ዝልፍልፍ ብሎ ወደ ታች ወረደ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ቁጭ ብዬ ቀና እስክትል ጠበቅኳት።

ማንነቷን ለማወቅ ግን መታጠፏ ብቻ አይበቃም። ሲነኩ የሚታጠፉ ሌሎች ተክሎችም አሉ። ባዮፊተም የምትባለው ለምሳሌ ቅጠሎቿን ከግንዷ አናት ላይ እንደ ዘንባባ በትና ነው የምታወጣው፣ አበባዋም ቢጫ ነው። የእኔዋ ከአንድ ዘንግ ጫፍ እንደ ጣት የተዘረጉ አራት ክንፎች አሏት፣ በየክንፉ ግራና ቀኝ ጥቃቅን ቅጠሎች ተደርድረዋል፣ ግንዷ ላይ ደግሞ ትንንሽ እሾህ አለ። ከወራት በኋላ ድብልብል ያለ ሮዝ አበባ ስታወጣ ጥርጣሬዬ አለቀ። ሚሞሳ ፑዲካ ናት፤ የሞቃታማው አሜሪካ ተክል። ስሙን በ1753 እ.ኤ.አ. ያወጣላት ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ ነው፣ ፑዲካ ማለትም በላቲን ዓይን አፋር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጥፋቴ መነካካት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳይ ነበር፣ ልጆችም አይለቋትም። ዘንጉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ትንሽ አበጥ ያለ መጋጠሚያ አለ። እዚያ ያሉት ሴሎች በውሃ ተወጥረው ነው ቅጠሉን ቀና አድርገው የሚይዙት። ስትነካ በአንድ በኩል ያሉት ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ያስወጣሉ፣ ውሃውም ይከተላል፣ ያ ጎን ይላላና ዘንጉ ይወድቃል። ተመልሶ ለመወጠር ጉልበት ይፈጃል፣ ተከድና በቆየች ቁጥር ደግሞ የምታገኘው ብርሃን ይቀንሳል። አሁን በጣም አልፎ አልፎ ካልሆነ አልነካትም።

ማታ ማታ ራሷን ከድና ሳገኛት ታመመች ብዬ ደንግጬ ነበር። ለካ ትተኛለች! በ1729 እ.ኤ.አ. ደ ሜራን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ እንዲህ ያለ ተክል ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ፣ ፀሐይ ሳያይም ቀን ቀን ይከፈት እንደነበር መዝግቧል። እኔን የጠቀመኝ ይህን ማወቄ ነው፤ ማታ መታጠፍ ጤና ነው፣ ማንም ሳይነካት በጠራራ ቀን ተከድና ከቆየች ግን የሆነ ነገር ጎድሏታል። እኔ ጋ የጎደላት ውሃ ነበር።

ከዚያ ደግሞ አበዛሁባት። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ረገፉ። አሁን ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ፣ ላይኛው ደረቅ ማለት ሲጀምር ብቻ አጠጣለሁ፣ መትከያው ሥር ቀዳዳ ከሌለው ግን ይህም አያድናትም። ደረቅ አየር ሲበዛ ከቅጠል ሥር በዓይን እምብዛም የማይታዩ ሸረሪት መሳይ ተባዮች ይመጡባታል፤ በውሃ አጥባችሁ አውርዷቸው። ብርሃን ትወዳለች፣ ከመስኮት ራቅ ሳደርጋት ቀጥና ተንጠራራች። ማዳበሪያ ላይ ቆጠብ በሉ፣ የባቄላ ዘመድ ናት፣ ከሥሯ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ለማደግ የሚያስፈልጋትን ናይትሮጅን ከአየር ታገኛለች። ሚሞሲን የሚባል መርዛማ ነገር ስላላት ልጅም እንስሳም እንዳይበላት ተጠንቀቁ።

ሥሯ ሲነካካ ስለማትወድ ብዙ ጊዜ መትከያ አትቀያይሩባት። አንዴ ስቀይርላት ለሳምንታት ቆዝማ ቆየች። ስታረጅ ቅርጿ ስለሚበላሽ እኔ ከራሷ ዘር ነው የምተካት። ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። መጀመሪያ እንዲሁ ዘርቼው አንድም አልበቀለም። ሁለተኛው ላይ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ ፋቅኩት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፣ ከዚያ ሙቀት ያለው ቦታ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ድቡልቡል ቅጠሎች ጨርሶ አይመስሏትም፣ አረም መስሏችሁ እንዳትነቅሏቸው። ቀጥሎ ነው ላባ የምትመስለው ትንሽ ቅጠል ብቅ የምትለው። እሷን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ነካኋት። ተከደነች።